አውሮፕላን ያመለጠው መንገደኛ መብቱም ሊያመልጠው አይገባም!

አውሮፕላን ሰው አይጠብቅም፤ ይህን የአዳማም፣ የባቱም፣ የሻሸመኔም መንገደኛ አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ትኬቱ ምን እንደሚሆን ነው። ዘመድ ጠይቆ ወደሚኖርበት ዋሽንግተን የሚመለሰውም፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ከሪያድ ወይም ከጅዳ ወደ አገሯ የምትገባውም ሰዓቱ ካለፈ የሚሰሙት አንድ ነው፦ ‹‹ትኬቱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይግዙ››። የዚህ ርዕሰ አንቀጽ አቋም ግልጽ ነው። መዘግየቱ የመንገደኛው ጥፋት ነው፤ መዘግየቱ ሙሉ ኪሳራ የሚሆነው ግን ደንቡን አስቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው። ይህኛው ጥፋት የሻጩና የተቆጣጣሪው ነው።

በረራ የሚያመልጠው ቸልተኛ ሰው ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ዓረብ አገሮች፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከሚደረጉት በረራዎች ብዙዎቹ የሌሊት ናቸው። ትኬት ላይ የሚታተመው ደግሞ የፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። ‹‹01፡15›› የሚለውን አይቶ ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ የተዘጋጀን ሰው አውሮፕላኑ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ጥሎት ሄዷል። ሰዓቱን ያሰላውም በቀኑ ይሳሳታል። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ስለሆነ፣ በትኬቱ ላይ የ12ኛው ቀን ተብሎ የተጻፈው ሌሊት ለእኛ ገና የ11ኛው ቀን ሌሊት ነው። በ12ኛው ቀን አምሽቶ ቦሌ የደረሰ መንገደኛ አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል።

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። አዳማ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የላትም፤ ሁሉም ወደ ቦሌ ይሄዳል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጥሯል። ይሁን እንጂ በአባዱላ ሚኒባስም በኮንትራት መኪናም የሚሄደው ቱሉ ዲምቱ ላይ ከፍሎ ከወጣ በኋላ የከተማው መጨናነቅ ይጠብቀዋል። በኢሬቻ ሰሞን ቢሾፍቱ ላይ፣ በሌሎች በዓላትና በስብሰባዎች ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ይዘጋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠናቀቅ ለአዳማ ሰው ርቀቱን ያሳጥርለታል፤ የትኬት ደንቡን ግን አይለውጥለትም።

ደንቡ ራሱ ምስጢር አይደለም። በዓለም አቀፍ በረራ የመመዝገቢያው መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይዘጋል። ከመነሻው በፊት ደውሎ ቀን ያስቀየረ የቅያሪ ክፍያና የዋጋ ልዩነት ይከፍላል፤ ሳያሳውቅ የቀረ በዚህ ላይ ቅጣት ይጨመርበታል። ደርሶ መልስ የቆረጠ ሰው መሄጃውን ካልተጠቀመበት መመለሻውም አብሮ ይሰረዛል። በጣም በርካሽ የተሸጠ ትኬት ጨርሶ ላይቀየር ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ላልተበረረበት ጉዞ የተከፈለው የአውሮፕላን ማረፊያ ታክስ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ተቃጥሏል የተባለ ትኬት ውስጥ ገንዘብ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን አዳማ ላይ ከትኬት ቢሮ ተጣጥፎ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የሚገኘው ግርጌው ላይ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ ነው። ለገዢው የሚነገረው የመነሻ ቀኑና ዋጋው ብቻ ነው።

በዚህ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት በዓረብ አገር የሚሠሩ ወገኖቻችን ናቸው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ መጓጓዣውን አሠሪው እንዲሸፍን ይደነግጋል። በረራው አንዴ ካመለጠ ግን ወጪው ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል፤ እሷ ከሌላት አርሲ ነጌሌ ወይም መቂ ያለው ቤተሰብ ተበድሮ ይሞላል። የሳዑዲ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ደግሞ 60 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ገንዘብ ሲለመን ጊዜው ካለፈ ሌላ ቅጣት ይከተላል።

ሕጉ ምን ይላል? የአየር መጓጓዣን የሚገዛው የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት አጓጓዡ ሲዘገይ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ መንገደኛው ራሱ ሲዘገይ ስለሚሆነው ዝም ይላል። ክፍተቱን የሚሞላው የአገር ሕግ ነው። የእኛው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የማይነበብ ግርጌ በቂ መረጃ አይደለም። በጀርመን የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 መሄጃውን ያልተጠቀመበትን ሰው መመለሻ በጅምላ የሚሰርዝ የውል ቃል ተገቢ አይደለም ብሏል። በአሜሪካም አንዳንድ አየር መንገዶች የመኪናው ጎማ ተንፍሶበት ጥቂት የዘገየን መንገደኛ፣ ቦታ ከተገኘ ያለ ቅጣት በሚቀጥለው በረራ የመጫን ልማድ አላቸው። ይህን አድርጎ የከሰረ አየር መንገድ አልሰማንም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም የትኬት ሻጭ የመነሻውን ሰዓትና ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠርም፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ይስጥ። ሁለተኛ፣ የቅያሪው ክፍያና የመቅረት ቅጣቱ ስንት ብር እንደሆነ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይንገር። ሦስተኛ፣ አስቀድሞ ያሳወቀ መንገደኛ መመለሻው አይሰረዝበት። አራተኛ፣ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በሥራ ውሉ ላይ ያመለጠ የመመለሻ በረራ ወጪ የማን እንደሆነ ያስጽፍ። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና የሸማቾችን ጉዳይ የሚከታተለው ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይህን ለማስፈጸም አዲስ አዋጅ አያስፈልጋቸውም፤ ያለውን ማስከበር ይበቃቸዋል።

መንገደኛውም ከኃላፊነት አያመልጥም። እንደማይደርስ ባወቀባት ደቂቃ፣ አውሮፕላኑ ሳይነሳ፣ ትኬቱን ለሸጠለት መደወል አለበት። 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ ‹‹ተቃጥሏል›› ሲባልም ምን ያህሉ እንደሚመለስለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህን ሁሉ አድርጎም ባዶ እጁን የሚሸኘው ሻጭ ካለ፣ የሚጠየቀው ሻጩ እንጂ መንገደኛው አይደለም!