ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ወደ መዝናኛ ስፍራ ስለ መውሰድና ጉዳዩ ነጋዴን ስለሚመለከትበት ምክንያት

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ ሥርዓትና ስለ መርከብ ጭነት ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ስለ ልጆች መጫወቻ ስፍራ መጻፌ ለአንዳንድ ክቡራን አንባብያን እንግዳ ነገር መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ነገር ግን የመዝናኛ ስፍራም እንደ ማናቸውም የንግድ ቤት ለትርፍ የቆመ ድርጅት ነው፤ የሚሸጠውም አንድ ቀን ሙሉ የሚቆይ የቤተሰብ ደስታ ነው። ይኸው የተሸጠ ቀን ለአንዱ ደንበኛ ደስታ፣ ለሌላው ግን በገንዘቡ የገዛው ጭንቀት ሆኖ ሲገኝ፣ ነገሩ የሐኪሞችና የመምህራን ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለነጋዴ የሚገባ አይደለም።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር አብሮ የሚያድግ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው እንጂ ተላላፊ ደዌ አይደለም፤ የእናት ወይም የአባት የአስተዳደግ ጉድለት ያመጣውም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2021 ዓ.ም. በሰጠው ግምት፣ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ከልጆቹ አንዱ አንደበቱ የተፈታ፣ ሌላው ከቶ ቃል የማይናገር ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን ያየ ሰው ሁሉንም አውቃለሁ ለማለት አይችልም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ይኸውም ድንገተኛ ድምፅ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ የሰው ግፊያና ከለመዱት ሥርዓት መውጣት ከሌላው ልጅ ይልቅ አብልጦ የሚያስጨንቃቸው መሆኑ ነው። ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ ደግሞ የተሠራው ከእነዚሁ ከአራቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳዩን በቅርብ ለማወቅ የቻልሁት፣ በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ በአሜሪካ በሜሪላንድ ከሚኖሩት እኅታቸው ቤተሰብ ጋር ሆነው፣ በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን ዋልት ዲስኒ ወርልድን ለመጎብኘት በተነሡ ጊዜ የጉዞውን መርሐ ግብር እንዳዘጋጅ ስላዘዙኝ ነው። የእኅታቸው ልጅ የ9 ዓመት ልጅ ሲሆን ኦቲዝም አለበት። የልጁ እናት አስቀድመው የጥያቄ ዝርዝር ላኩልኝ። ብዙ የጉዞ ደብዳቤ የተጻጻፍሁ ሰው ብሆንም እንዲህ ያለ ዝርዝር አይቼ አላውቅም። ስለ ዋጋ የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም። በዚህኛው መጫወቻ ዘንድ ስንት ደቂቃ ይቆማል? ውስጡ ጨለማ ነው ወይስ ብርሃን? በመካከል ድንገት የሚጮኽ ነገር አለ ወይ? በመጸዳጃ ቤቱ እጅ የሚያደርቀው በወረቀት ነው ወይስ በሚያጓራ መኪና? ልጁ በቃኝ ቢል የቅርቡ መውጫ በየት በኩል ነው?

እኒህን ጥያቄዎች ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ እንደ ገባኝ፣ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ሁለት ዋጋ ይከፍላል። አንደኛው በመስኮቱ ላይ የተጻፈው የቲኬት ዋጋ ነው። ሁለተኛው ግን በመጠበቅና ባልታሰበ ነገር የሚከፈል ነው፤ ይህም በየትም ቦታ ተጽፎ ስለማይገኝ ቤተሰቡ ዋጋውን የሚያውቀው ከከፈለው በኋላ ነው። ዋጋው ያልተጻፈበት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ምን ዓይነት ደንበኛ እንደሚያጣ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን መንገር አያሻም።

ስለዚህ የዝግጅቱ ሥራ ሁሉ ያልታሰበውን ነገር አስቀድሞ የታሰበ ማድረግ ነው። ጉዞው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በበጋው ወራትና በገና ሰሞን እንዳይሆን ተወሰነ፤ ከሳምንቱም መካከለኛዎቹ ቀኖች ተመረጡ። ቤተሰቡ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት ገብቶ ግርግሩ ሳይበረታ ወደ ማረፊያው እንዲመለስ ሆነ። የየመጫወቻው ፊልም በኢንተርኔት ስለሚገኝ ልጁ የሚሳፈርባቸውን ሁሉ በቤቱ ደጋግሞ አያቸው። የቀኑም ተራ በሥዕል ተዘጋጅቶ ተሰጠው፤ አንዱ ሲያልቅ ሥዕሉን ገልብጦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ድምፅ የሚከላከለውን የጆሮ መሸፈኛ እናቱ ከጉዞው ሳምንታት በፊት ጀምረው አለማመዱት፤ አዲስ ነገር በጭንቅ ሰዓት በጆሮ ላይ ሲደረግ ራሱ ሌላ ጭንቅ ይሆናልና። የስልክ ቁጥር የተጻፈበት የእጅ አንባርም ተሠራለት፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ከሰው መካከል በድንገት ርቀው የሚሄዱበት ጊዜ አለ፤ ስማቸውንም ሲጠየቁ ላይመልሱ ይችላሉ። ምግብን በተመለከተ፣ ልጁ የሚበላው ሦስት ዓይነት ብቻ ነበር። ዲስኒ ጎብኚ የራሱን ምግብ ይዞ እንዲገባ ስለሚፈቅድ (የጠርሙስ ዕቃና የአልኮል መጠጥ ግን አይፈቀድም) ይህ ሐሳብ ሳያስቸግር ቀረ። ምግብ ከውጭ አይገባም የሚሉ የእኛ አገር መዝናኛዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ አንድ ሳህን ምግብ ለመሸጥ ሲሉ የአምስት ሰው መግቢያ ያጣሉ።

የፍሎሪዳ ሰማይም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በሞቃቱ ወራት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ከጣራ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ለሌላ ልጅ ይህ ጥቂት ቅሬታ ብቻ ሲሆን፣ ለዚህ ልጅ ግን በሥዕሉ የተሰጠው የተስፋ ቃል መፍረስ ነው። እናቱ ይህን ስለሚያውቁ «ዝናብ ከሆነ» የሚል ሌላ ሥዕል ጨምረው አዘጋጁ። እውነቱን ለመናገር፣ ዕቃ ለማስመጣት ውል ስንዋዋል መርከብ ቢዘገይ ምን እንደሚደረግ እንዲህ በጥንቃቄ የምንጽፍ ጥቂቶች ነን።

በእነዚህ መናፈሻዎች ከብዙ መጫወቻዎች የሚወጣው ሰው በቀጥታ መታሰቢያ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህ የገበያ ብልሃት መሆኑን ማንም ነጋዴ ወዲያው ይረዳል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ልጁ ከጨለማና ከጩኸት በወጣባት በዚያች ደቂቃ የሚያስፈልገው ጸጥታና ገላጣ ስፍራ ሆኖ ሳለ፣ የሚቀበለው በመደርደሪያ የተሞላ፣ በመብራት የደመቀ፣ ሰው የሚጋፋበት ክፍል ነው። አባት ልጁን አቅፎ በዚያ ሱቅ ውስጥ እየሮጠ ሲያልፍ ያየ ሻጭ፣ ይህ ሰው ምንም አልገዛም ብሎ ይመዘግብ ይሆናል። በጎን በኩል አንዲት ትንሽ መውጫ ብትኖርና ምልክት ቢደረግባት ኖሮ፣ ያው አባት ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ተመልሶ ይገዛ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የወረፋ ነገር ነው። ዲስኒ ለአካል ጉዳተኞች ይሰጥ የነበረው የድጋፍ ወረቀት እስከ 2013 ድረስ በቀላሉ የሚገኝ ነበር። በዚያ ዓመት ባለጸጎች አካል ጉዳተኛ የሆነን ሰው በገንዘብ ቀጥረው አብሯቸው እንዲሄድ በማድረግ ወረፋ ይዘላሉ ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ፤ ድርጅቱም ወረቀቱን ሽሮ ሌላ ሥርዓት አወጣ። በአዲሱ ሥርዓት ቤተሰቡ ያለ መጠበቅ አይገባም፤ ወረፋው አንድ ሰዓት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ ይባላል፤ እስከዚያ ግን በፈለገው ስፍራ ይቆያል። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ይህ አይበቃንም ብለው ከ2014 ጀምሮ ድርጅቱን ከሰሱ፤ ከክሶቹ በአንዱ በፍሎሪዳ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2020 ለድርጅቱ ፈረደ። በ2024 ደግሞ ድርጅቱ ደንቡን አጠበበና፣ እንደ ኦቲዝም ባለ የእድገት ልዩነት ምክንያት በወረፋ ለረጅም ጊዜ ለመቆም ለማይችሉ እንዲሆን ወሰነ። ጠያቂው ከድርጅቱ ሠራተኛ ጋር በቪዲዮ ይነጋገራል፤ ዋሽቶ የተገኘ ሰው የገዛውን ቲኬት አጥቶ ለዘለዓለም እንዳይገባ ይከለከላል።

እኔ በበኩሌ ውሸታሙ መቀጣቱን እደግፋለሁ። ነገር ግን ብዙ ሰዎች ይህን ሥርዓት እንደ ችሮታ፣ አልፎም እንደ አድልዎ ሲናገሩበት መስማት ያሳዝናል። ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ልብሱ ተሰፍቶ እስኪያልቅ በደጁ አቁሞ አያውቅም፤ «በዚህ ቀን ና» ይለዋል እንጂ። ባንክም የተራ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። የተጠየቀው ይኸው ነው፤ መጠበቁ አልቀረም፣ የሚቀረው መቆሙ ነው። አንድ ባለጸጋ አጭበርብሯል ተብሎ የልጁን ሁኔታ በየዓመቱ ለእንግዳ ሰው ማስረዳት ያለባት እናት፣ የሌላውን ሰው ዕዳ እየከፈለች መሆኗን መዘንጋት አይገባም። አሠሪዬም ከጉዞው ሲመለሱ ስለ መናፈሻው ከተናገሩት ይልቅ ስለዚህ ነገር የተናገሩት ይበልጣል። በተራ የተመለሰው ቤተሰብ በሌላ በር ሲገባ፣ በረጅሙ ወረፋ ከቆሙት መካከል «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ጤነኛ ይመስላል» ያለ ሰው ነበር። ኦቲዝም በፊት ላይ የማይታይ መሆኑ ለቤተሰቡ ሌላ ቀንበር ነው።

የባለቤቶቹን ድርሻ በተመለከተ፣ ከዲስኒ እጅግ የሚያንሱ ስፍራዎች የተሻለ ምሳሌ ሰጥተዋል ብዬ አምናለሁ። በፔንሲልቬንያ የሚገኘው ሰሰሚ ፕሌስ በ2018 የኦቲዝም ማእከል የሚል የምስክር ወረቀት በመቀበል ከመዝናኛ መናፈሻዎች ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ሠራተኞቹ ሠለጠኑ፤ ጸጥ ያለ ክፍል ተዘጋጀ። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን መመሪያው ነው፤ እያንዳንዱ መጫወቻ በድምፅ፣ በዐይን፣ በንክኪ፣ በሽታና በጣዕም ከ1 እስከ 10 ነጥብ ተሰጥቶት ወላጅ ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያነበው ሆኗል። ይህ የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ በመጨረሻ ተጻፈ ማለት ነው። በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ደግሞ ጎርደን ሃርትማን የተባሉ ቤት እየሠሩ የሚሸጡ ነጋዴ፣ በሴት ልጃቸው ስም የሰየሙትን ሞርጋንስ ወንደርላንድን በ2010 ከፈቱ። ስፍራው ቀድሞ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ ነው፤ አካል ጉዳተኛ የሆነ ጎብኚም የመግቢያ ዋጋ አይከፍልም። የሃርትማን መንገድ የበጎ አድራጎት መንገድ በመሆኑ ከማናችንም አይጠበቅም፤ የሰሰሚ ፕሌስ ግን ንግድ ነውና ለመከተል ምንም የሚያግድ ነገር አይታየኝም።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በውበት ሙያ ማሠልጠኛ ንግዳቸው የታወቁ ሳሉ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን አቋቋሙ፤ በ2021 እስካረፉም ድረስ በዚሁ ደክመዋል። መንገዱን የከፈቱት የእኛው ወገን የሆኑ ነጋዴ ናቸው ማለት ነው። በማእከሉ የሚማሩት ልጆች ወላጆች ግን ቅዳሜ ሲመጣ ልጃቸውን ወዴት እንደሚወስዱ ለማሰብ ይቸገራሉ። የልጆች መጫወቻ ያላቸው የገበያ ሕንጻዎችና ሆቴሎች በከተማችን በዝተዋል፤ በደጃፋቸው ግን የሚቀበለን የድምፅ ማጉያ ነው።

የመዝናኛ ስፍራ ያላቸው የምክር ቤቱ አባላት አንድ ገጽ ወረቀት ቢያዘጋጁ፣ በእርሱም የትኛው መጫወቻ እንደሚጮኽ፣ የትኛው ጨለማ እንደሆነ፣ ሰው የሚበዛበት ሰዓት የትኛው እንደሆነና ጸጥ ያለው ጥግ የት እንደሚገኝ ቢጽፉ፣ ወጪው ከወረቀቱ አያልፍም። ለባለሱቆችም የሚሆን ምሳሌ አለ፤ ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ ትልቅ መደብር በ2023 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት (በእኛ የሰዓት አቆጣጠር) ሙዚቃውን እንደሚያጠፋና መብራቱን እንደሚቀንስ አስታውቋል። በእኛ ከተማ በዚያ ሰዓት ገበያው ገና ስላልሞቀ፣ ማጉያውን ዘግይቶ መክፈት ብቻ ይበቃል። የሚጀምር አባል ቢኖር፣ የትኛው ቀንና የትኛው ሰዓት እንደሆነ በዚህ ጋዜጣ ቢያስታውቅ እነዚያ ወላጆች ቀኑን በሥዕላቸው ላይ ያስገቡታል።