ለሽያጭ በሚታደስ አሮጌ መኪና ላይ የትኛው ሞተር ይግባ?

ከሰሜን ማዘጋጃ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብለው ባሉት የጉለሌ ሰፈሮች ጋራዦችን የጐበኘ ነጋዴ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቀለሙ ተፍቆ፣ ወንበሩ ወጥቶ፣ ኮፋኖው ከግድግዳ ተደግፎ የቆመ ቮልስ ዋገን ሊያጋጥመው ይችላል። ለጥገና የመጣ የደንበኛ መኪና ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ባለ ጋራዡ ነው፤ ወይም ከባለ ጋራዡ ጋር ገንዘብ ያዋጣ ባለ ሱቅ ነው። አሮጌውን ገዝቶ፣ አድሶና አስጊጦ፣ በትርፍ ለመሸጥ የታሰበ ዕቃ ነውና እንደ ማናቸውም ሸቀጥ በንግድ ዐይን ሊታይ ይገባዋል።

ይህ ሥራ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሰውን የሚስብበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተነገረ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው ባለ ነዳጅ መኪና እየቀነሰ የሚሄድ እንጂ የሚጨምር ዕቃ አይደለም። ፋብሪካውም ቢሆን የመጨረሻውን ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ያወጣው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለ ሠራ፣ መለዋወጫው እስካሁን ከገበያ አልጠፋም። የሚገዛውም ሰው አለ፤ የወጣትነቱን ዘመን የሚያስታውስ፣ ከውጭ አገር ተመልሶ የአባቱን ዓይነት መኪና የሚፈልግ፣ ለሠርግ የሚያከራይ፣ ሁሉም ይመጣል።

ታዲያ ሥራው ሲጀመር የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው። ላሜራው ተስተካክሎ ካበቃ በኋላ ሞተሩ የትኛው ይሁን? ወጣቶቹ መካኒኮች ጉልበት ያለው ይግባ ይላሉ፤ በስልካቸውም ላይ በአሜሪካ አገር ሆት ሮድ እየተባለ የሚጠራውን፣ አሮጌ ቀፎ ላይ ብርቱ ሞተር ተጭኖበት የሚያገሳውን መኪና ያሳያሉ። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሊነበብ ይገባል። ፎርድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በርካሽ ዋጋ አወጣ፤ የአሜሪካ ወጣቶችም እሱን አሮጌ ቀፎ ላይ እየጫኑ ይወዳደሩበት ጀመር። ይህ ሞተር የተቃጠለው ጢስ የሚወጣበት መንገድ በራሱ በሞተሩ ቤት ውስጥ ስለሚያልፍ ውሃውን እያሞቀ ያስቸግር ነበር። በ1955 ሸቭሮሌ ቀለል ያለ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ባወጣ ጊዜ ግን ሆት ሮድ ሠሪዎቹ ቀስ በቀስ የፎርድን ቀፎ ይዘው ሞተሩን ከሸቭሮሌ ወሰዱ። ይህንንም ያደረጉት ጉልበቱን ብቻ አይተው አይደለም፤ መለዋወጫው በየመንደሩ ሱቅ ስለሚገኝና የማንም መካኒክ እጅ ስለለመደው ጭምር ነው። እንደዚህም ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ በፎርድ ቀፎ ላይ የፎርድ ሞተር ካልሆነ አልገዛም የሚል ገዢ አለ። የእኛ ልጆች ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ግሳቱን ብቻ ነው።

ለራሱ የሚሠራ ሰው ደስ ያለውን ቢጭን ማንም አይከለክለውም፤ ጉድለቱንም ጠንቅቆ ያውቀዋል። ለሽያጭ የሚሠራ ሰው ግን ገና ፊቱን ላላየው ሰው ሞተር መምረጡ ነው። ያ ሰው መኪናውን የሚመዝነው በገዛበት ቀን ሳይሆን ቦሎ ሊያሳድስ በሄደበት ቀን፣ ካንዴላ ወይም ጓርኒሲዮን ሊገዛ ሶማሌ ተራ በወረደበት ቀን፣ ከቤተሰቡ ጋር እንጦጦን በወጣበት ቀን ነው። በእኔ አስተያየት ለሽያጭ በሚታደስ ቮልስ ላይ መግባት የሚገባው፣ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የራሱ ሞተር፣ በሚገባ ታድሶ ነው። ይህን የምለው ሌላውን ሞክሬ ከስሬ ነውና ታሪኩን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባለ ጋራዥ ጋር ተሻርኬ ባለ 1300 ቮልስ ገዛን። ሞተሩ ዘይት ይበላ ነበር። ሸሪኬ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ የሆነ ያገለገለ የጃፓን ሞተር አገኘ፤ ዋጋውም የአሮጌውን ማደሻ ያህል ብቻ ስለ ነበረ ሁለታችንም ተደሰትን። ስሌታችን ግን የሞተሩን ዋጋ እንጂ ሞተሩ የሚያስከትለውን አልቈጠረም። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህ የራዲያተር ቦታ ለማግኘት የፊቱን ላሜራ ቈረጥን። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ብረት በቶርኖ አስቀረጽን፤ የመጀመሪያው አልገጠመምና ሁለተኛ አስቀረጽን። ውሃው ከኋላ እስከ ፊት የሚሄድበት ቱቦ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አዲስ ፍሪሲዮን ተጨመረ። በስድስት ሳምንት ያልቃል ያልነው ሥራ ክረምቱን ጨረሰ፤ ሱቄም በዚያ ጊዜ ሊገዛበት ይገባ የነበረው ሸቀጥ ሳይገዛ ቀረ።

መኪናው አልቆ ሲታይ ግን ያምር ነበር። የመጀመሪያው ገዢ ቀለሙን አድንቆ፣ ዞሮ የኋላውን ክዳን ከፈተና፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ዘጋው፤ «ጋሼ፣ ይህማ ቮልስ አይደለም» ብሎ አመስግኖን ሄደ። ሁለተኛው መካኒኩን ይዞ መጣ። መካኒኩ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ሊብሬውን ነበር፤ ቁጥሩን ከሞተሩ ቁጥር ጋር አስተያይቶ ለጌታው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። «የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑስ?» ብለው ቢጠይቁን የነበረን ሻጩ በእጁ የጻፈልን ወረቀት ብቻ ነበር።

ይህንን ጉዳይ ብዙ ሰዎች በቀላሉ ያዩታልና ጥቂት ልጨምር። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ባቆመው ሥርዓት የሞተር ቁጥር እንደ ሻንሲ ቁጥር ሁሉ የመኪናው መታወቂያ ነው። ሞተር መለወጥ ክልክል አይደለም፤ የተለወጠው ሞተር ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ወረቀት ቀርቦ በመዝገቡ ላይ መስተካከል አለበት። ወረቀት የሌለው ሞተር የገባበትን መኪና የሚሸጥ ሰው ለገዢው ያስረከበው መኪናና ክርክር አብሮ ነው። ይህን እያወቁ ዝም ብሎ መሸጥ ደግሞ ስሙ ንግድ አይባልም።

ስለ አቀበቱም መናገር ያስፈልጋል። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በራሱ ትንፋሽ የሚሠራ ሞተር ሁሉ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ገና ሳይነሣ ያጣል። ፋብሪካው 44 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት 1300 ቮልስ ሽሮ ሜዳ ላይ 33 ቢያገኝ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህን ሰምቶ ትልቅ ሞተር የሚመኝን ሰው አልነቅፍም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቮልስን አቀበት ላይ የሚያደክመው ትንሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ካርቡራተሩ ለቈላ አየር እንደ ተስተካከለ መቅረቱም ነው። ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን እየገባ ጢሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጁም በከንቱ ያልቃል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በከፍታው ልክ በሆነ ጠበብ ያለ መለወጥ ከሌላው ወጪ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ለውጡን ግን ገዢው ገና በመጀመሪያው አቀበት ያውቀዋል። በሌላ በኩል የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ ለ44 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ፍሬን እጥፍ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ትቶ ለአባወራ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ፍሬኑን መለወጥ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

የራሱን ሞተር ማደስ ደካማ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ሞተር ለእድሳት የተፈጠረ ያህል ነው። አራቱ ሲሊንደሮች አንድ ላይ የተዋሐዱ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይወጣሉ፣ ለብቻ ይለወጣሉ። ሲሊንደርና ፒስተን፣ ባልቦላ፣ ቴስታታ፣ ሁሉም አዲስ ሲሆን ቁጥሩ የታተመበት የሞተሩ ቤት ባለበት ይቈያል፤ ሊብሬውም አይነካም። ባለ 1600 ይሁንልኝ የሚል ገዢ ቢመጣም ሞተሩ ከዚያው ከቮልስ ቤተሰብ ስለሆነ በብዙዎቹ ላይ ላሜራ ሳይቈረጥ ይገባል፤ ወረቀቱ ብቻ ይሟላ።

የኤሌክትሪክ ሞተር ቢገባስ የሚለው ጥያቄ እንደ ሌሎቹ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም፤ አየር ስለማይስብ እንጦጦ ላይ ጉልበቱ አይቀንስም፤ በቁልቁለትም ባትሪውን ጥቂት ይሞላል። ፋብሪካው ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ የጀርመን ኩባንያ ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ ላይ 82 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር አስገብቶ አሳይቷል፤ በአንድ ጊዜ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተብሏል። ነገር ግን ከ800 ኪሎ ብዙ የማይርቀው መኪና በባትሪው ምክንያት 1,280 ኪሎ ሆነ። በእኛ ገበያ የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈልግ ሰው፣ በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የታክስ ማቃለያ የገባውን አዲሱን ይገዛል፤ ቮልስ የሚፈልገው ደግሞ ድምፁንም ጭምር ይገዛል። ስለዚህ ለጊዜው ይህን ሥራ ለራሱ ለሚያሠራና ገንዘቡን አስቀድሞ ለሚከፍል ደንበኛ ብተወው እመርጣለሁ።

ለአስመጪዎቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ያገለገለ ትልቅ ሞተር ጭኖ ማምጣት ትርፉ የሚታይ ስለሆነ ሁሉም ይሮጥበታል። በብራዚል የሚሠራውን የቮልስ ሲሊንደርና ፒስተን፣ የጓርኒሲዮን ስብስብ፣ ለደጋ የሚስማማውን የካርቡራተር ቀዳዳ የሚያመጣ ሰው ግን ሸቀጡ ቀላል፣ ቦታ የማይዝ፣ ገዢውም ተመላልሶ የሚመጣ ነው። ሞተር የሚያመጣም ቢሆን የዲክላራሲዮኑን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ያው ሞተር በበለጠ ዋጋ ይሸጥለታል፤ እኔ ራሴ በደስታ እጨምርለት ነበር።

ወደ መኪናችን ልመለስ። ሦስተኛው ገዢ ቀፎውን ወደደው፤ ሞተሩን ግን አውጥታችሁ ውሰዱ አለን። «የራሱ ሞተር የት አለ? ቢሰበርም ግድ የለም፤ ቁጥሩ ይኑር እንጂ እኔ አሳድሰዋለሁ» ብሎ በዚያ ላይ የሚጨምረውን ገንዘብ ነገረን፤ ገንዘቡም የከሰርነውን በሙሉ የሚሸፍን ነበር። አሮጌውን ሞተር ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቦታ አጣበበ ብለን፣ ለምናለሽ ተራ ነጋዴ በኪሎ ሸጠነው ነበር። የቮልስ ሞተር ቤት ከማግኒዚየም የተሠራና ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ያገኘነውም ገንዘብ ጥቂት ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሄደን ስንጠይቅ ነጋዴው አስታወሰን፤ ሞተሩ ግን ከቀለጠ ቈይቶ ነበር።