የተከራየ ክፍል ደጃፉ የማን ነው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦይ ጠረጋውና ስለ ጥበቃው መዋጮ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ በየግቢው የሚታማውን፣ አደባባይ ግን የማይወጣውን ጉዳይ እናንሳ። አከራይ የተከራዩን ክፍል ከፍቶ የመግባትና ዕቃውን የመፈተሽ መብት አለው ወይ?

ሰፈራችን ያለ ተከራይ አይታሰብም። መምህሩ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛዋ፣ ከሁሉም ይበልጥ ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር የሚመጣው ተማሪ በየግቢያችን ክፍል ይዘው ይኖራሉ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯ ተከፍቶ፣ ሳጥኗ ተበርብሮ፣ የዱቄት ማዳበሪያዋ ተፈትቶ አገኘች። የጠፋ ነገር የለም። አከራይዋ እናት የተደበቀ ምድጃ ሲፈልጉ ነው። «በገዛ ቤቴ ብገባ ምን አለበት?» አሉ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ክፍሏን ዘግታ መሄድ ትፈራለች።

እውነት ነው፣ አከራይም የሚያሳስበው አለ። ቆጣሪው አንድ፣ ክፍሉ አምስት ነው። በስውር የተሰካ ምድጃ ሒሳቡን ያንረዋል፤ መስመሩ ከጋለም እሳት ያስነሳል። ጣራው ሲያፈስም ገብቶ ማየት አለበት። ይህን አንክድም። ነገር ግን ማየት ሌላ፣ መበርበር ሌላ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን፣ ሕግ ከፈቀደው በቀር ያለ ፈቃዱ ማንም እንደማይገባበትና እንደማይፈትሸው ይደነግጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ከመፈተሽ ይጠብቃል። ጥበቃው ለሚኖርበት ሰው ነው እንጂ ካርታው በስሙ ላለው ብቻ አይደለም። ፖሊስ እንኳ ለመፈተሽ በደንቡ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲጠየቅ፣ የአከራይ ትርፍ ቁልፍ ከትእዛዝ ይበልጣል እንዴ?

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦

አንደኛ፣ አከራይ ክፍሉን ማየት ሲፈልግ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይንገር፤ ተከራዩ ባለበት ይግባ፤ ሳጥንና ስንቅ አይንካ።

ሁለተኛ፣ እሳት ወይም ሌላ አጣዳፊ ነገር ከተነሣ ጎረቤት ጠርቶ ይክፈት፤ ለተከራዩም ወዲያው ይንገር።

ሦስተኛ፣ ተከራይም ሲጠየቅ በሩን ይክፈት፤ ምድጃ ካለው አይደብቅ፤ አገር ቤት ሲሄድ ስልኩን ትቶ ይሂድ።

አራተኛ፣ ይኸው ሁሉ፣ የመብራቱም ሒሳብ ጭምር፣ በውሉ ላይ ይጻፍ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። «በቃል ተስማምተናል» ማለት በኋላ ጠብ ነው።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ኪራዩ እስከተከፈለ ድረስ የዚያች ክፍል አባወራ ተከራዩ ነው። የእኛም ልጆች ነገ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ክፍል ይከራያሉ። በእነሱ በር ላይ እንዲደረግ የማንወደውን፣ እኛም በሰው ልጅ በር ላይ አናድርግ።

ሌላ ሐሳብ ያላችሁ በመጪው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተገኝታችሁ ተናገሩ።