ወርቅ በጆሮ፣ ዶላር በስልክ፤ ብሩስ የት ገባ?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? እኛ ቤት ግን ጉዱ መስከረምን አልጠበቀም። በ2017 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግስት አክስቴ ከሉማሜ ደወለችና "ልጄ፣ ዩኤስዲቲ የሚሉት ባንክ አዲስ አበባ የት ነው ያለው? ሄደህ ጠይቅልኝ" አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች፣ ዕድሜዋን በጤፍ ማሳና በምድጃ መሀል የጨረሰች ሴት ናት። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ገና ነገሩ ሳይነገረኝ ሆዴ ባር ባር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓረብ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ የተመለሰችው አንገቷና ጆሮዋ ላይ ባንጠለጠለችው ወርቅ ነው። 60 ግራም ገደማ ይሆናል። ባንክ አላስገባችውም። ቤት አልሠራችበትም። እናቷ ሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አስቀመጠችው። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ሥራ አጥቶ፣ አገሩም ጦር ሜዳ ሆኖበት፣ ኡጋንዳ ደርሶ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ቆረጠ። ገንዘቡን እንዴት ይዞ ይውጣ? ወርቅ ይዞ ቢሄድ ኬላው አለ፣ ፍተሻው አለ፣ ወንበዴው አለ። አንድ የከተማ አዋቂ ነኝ ባይ "ወርቁን ሽጠህ ዩኤስዲቲ ግዛ፤ ድንበር የሚያውቀው ሰው እንጂ ስልክ አይደለም" ብሎ መከረው።

ልጁ ምክሩን ሰማ። እህቱን አስለቅሶ ወርቁን ተቀበላት፣ አዲስ አበባ አምጥቶ ሸጠው፣ ብሩን ለአንድ የማያውቀው ሰው አካውንት ላከና ዶላር ነው የተባለው ቁጥር ስልኩ ላይ መጣለት። ደስ አለው። በአራተኛው ቀን "የሂሳብዎን ደህንነት እናረጋግጥ" የሚል መልእክት ደረሰው። ሲመዘገብ ደብተሩ ላይ የጻፋቸውን 12 የእንግሊዝኛ ቃላት ጠየቁት፣ ጻፈላቸው። የዘጠኝ ዓመት ላብ በአስር ደቂቃ ተጠርጎ ሄደ።

አብሬው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፣ ሌላውም ጣቢያ ቢሆን የተለየ መልስ የሚሰጥ አይመስለኝም። መርማሪው ከላይ እስከ ታች አየንና "የሠራኸው ሥራ እኮ ሕገ-ወጥ ነው። ልክሰስ ብለህ መጥተህ ተከሳሽ እንዳትሆን" አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም ይህን የምጽፈው ከዚያ ደጃፍ ላይ የጀመረኝ እልህ አልለቅ ስላለኝ ነው።

ለማን ሕገ-ወጥ፣ ለማን ሕጋዊ?

እንዲያው ለመሆኑ ይህ ነገር ሕገ-ወጥ ነው ወይስ አይደለም? ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ ነው፣ በክሪፕቶ መገበያየት ክልክል ነው ብሎ አስጠነቀቀ። መልካም። በዚያው ዓመት፣ ወራት እንኳ በቅጡ ሳያልፉ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በክሪፕቶ ሥራ የተሰማራችሁ መጥታችሁ ተመዝገቡ አለ። አንዱ መሥሪያ ቤት ወንጀል ነው ሲል ሌላው ተመዝገብ ይላል። አንባቢ ሆይ፣ የትኛውን ትሰማለህ?

ይባስ ብሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የመብራት ገበያውን ለቢትኮይን አምራቾች ከፈተ። በ2016 ዓ.ም. ብሉምበርግ እንደዘገበው ውል ከተፈራረሙት 21 ኩባንያዎች 19ኙ የቻይና ናቸው። ኤሌክትሪኩ የተሸጠላቸው ኪሎዋት ሰዓቱ በ3 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ለአዲስ ጠያቂ የሚሰጥ ኃይል የለንም እስከማለት ደረሱ። በሌላ አነጋገር ገበታው ሞላ።

ይህን ሉማሜ ላይ ቆማችሁ ብትሰሙት ሌላ ነገር ነው። ከሉማሜ ደጄን፣ ከደጄን ቁልቁል ዓባይ ነው። የአዋበል ገበሬ ለህዳሴው ግድብ ቦንድ ግዛ ሲባል ጤፉን ሸጦ ገዝቷል፣ መምህሩ ከደመወዙ ተቆርጦበታል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ እሰየው፣ ኮርተናል። ዛሬም ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። የእኛው ወንዝ ኃይል ሆኖ፣ ኃይሉ በእነዚያ በሚጮሁ ማሽኖች በኩል ቢትኮይን ሆኖ፣ ቢትኮይኑ ያለ ኬላ፣ ያለ ጉምሩክ፣ ያለ ፍተሻ ውጭ አገር ባለቤቱ ኪስ ይገባል። መንግሥት የኤሌክትሪኩን ዋጋ በዶላር ይቀበላል፣ ይህን አልክድም፤ ዶላሩ የጠማት አገር ናትና ጥቅም የለውም አልልም። ግን ሀብትን በዲጂታል ገንዘብ ድንበር ማሻገር ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ? ባለ ብዙ ሺህ ማሽኑ ሲያደርገው "ኢንቨስትመንት"፣ ባለ 60 ግራሟ ልጅ ወንድም ሲያደርገው "ወንጀል"!

ክልከላው ሌባውን አላስቆመም። ያስቆመው የተሰረቀውን ሰው አቤቱታ ነው። ቼይናሊሲስ የሚባለው የዘርፉ አጥኚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በአነስተኛ መጠን የሚላኩ የዶላር አምሳያ ዲጂታል ገንዘቦች ዝውውር በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት 180 በመቶ ጨምሯል ብሏል። ይህ ሁሉ ሰው ሲታለል የት ሄዶ ይጩህ?

የወረቀት ነገር

"ለምን ብሩን በባንክ አያስቀምጡም?" የሚል አስተዋይ አይጠፋም። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ።

የጎጃም ሰው ወረቀት ማመን የተማረው ዘግይቶ ነው፣ ለዚያም ምክንያት ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛ ብዙም በማይርቀው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚሻገር ወርቅ በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ሊሬውን ይዞ መጣ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን እየተጠራጠረ ጠገራውን ስለፈለገ ፋሽስቱ ራሱ ሮማ ላይ የማርያ ቴሬዛን ብር እስከመምታት ደረሰ። አያቶቻችን የምጣኔ ሀብት ዲግሪ አልነበራቸውም፣ የሚይዙትን ግን ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. የብር ኖት ተለወጠ። በየጊዜው ጠርሙስ ውስጥ ቀብሮ የረሳ፣ ወረፋ ሳይደርሰው ቀኑ ያለፈበት አለ። ለውጡስ ይሁን፤ የባሰው የመጣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብሩ ለገበያ ተለቀቀ ተባለ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፣ በወሩ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ከ140 ብር በላይ ነበር። ጤፉን ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠው የአዋበል ገበሬ ሌባ አልገባበትም፣ እሳት አልነካውም፤ ቁጥሩም ያው ነው። የሚገዛለት ዕቃ ነው የጠፋው።

አሁን ከዚያ ነጠላ ውስጥ ያለውን ወርቅ አስቡት። ብሩ ከመለቀቁ በፊት የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ የዓለም ዋጋ በባንኩ ተመን ሲመታ ወደ 4 ሺህ 400 ብር ነበር። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ወርቅ በአውንስ ከ4 ሺህ ዶላር ሲያልፍ ያው አንድ ግራም ወደ 18 ሺህ ብር ሆኗል። ልጅቷ ባንክ አላስገባችውም ብለው የሳቁባት ዘመዶች ነበሩ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብለው "ወርቅ የአያት ዘመን ነው፣ ሁሉም ወደ ዲጂታል ይሄዳል" የሚሉ ነቢያት በዝተዋል። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለዓመት ያህል ጠፋ። ያን ጊዜ ሉማሜ የነበረ ሰው ቢሊዮን ቢትኮይን ቢኖረው (በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ እንዳይኖር ሆኖ የተሠራ መሆኑን ልተወውና) አንድ ቁና ጤፍ አይገዛለትም ነበር። የአክስቴ የጆሮ ጉትቻ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ሱዳንም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአገሪቱ ኔትወርክ ሲቋረጥ በስልክ ባንክ ይኖር የነበረው ሕዝብ ቀን ጨለመበት።

ደግሞ "ዩኤስዲቲን ማንም አይነካብህም" ይላሉ። ውሸት ነው! ኩባንያው ቴዘር የፈለገውን አድራሻ ማገድ ይችላል፣ ሲያግድም ኖሯል። ቢትኮይን እንኳ ይህ የለበትም፣ ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር ወጥቶ በዓመቱ 16 ሺህ አካባቢ ወረደ። ለኡጋንዳ ጉዞ ስንቅ የያዘ ልጅ ዓመት ቆሞ ዋጋው እስኪመለስ መጠበቅ አይችልም። ዋንኮይን የሚባለውንም አንርሳ፤ ባለቤትዋ ሩጃ ኢግናቶቫ በዓለም ዙሪያ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰወረች። ሳንቲሙ ከመጀመሪያው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ለወርቅ ጥብቅና ቆሜ እውነቱን አልደብቅም። ወርቅ ሳጥን ውስጥ ንጉሥ ነው፣ መንገድ ላይ ግን ለባለቤቱ ሞት ሊጠራ ይችላል። ከሉማሜ አዲስ አበባ የሚያመጣውን መንገድ እናውቀዋለን። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ከነአውቶቡሳቸው ታግተዋል። በዚያ መንገድ አንገቷ ላይ ወርቅ አድርጋ የምትመጣ ሴት የለችም። የእኛዋ ልጅ ወርቁን የላከችው ድፎ ዳቦ ውስጥ ጋግራ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ዳቦውን እንደ ታቦት አቅፎ ሲጓዝ ጎኑ የተቀመጠው ሰው "ቁረስልና" ሲለው ላብ አጠመቀው። ካርቱም ውስጥም ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጀመር ታጣቂዎች መጀመሪያ የፈለጉት የቤት ወርቅ ነበር። በመተማ በኩል ባዶ እጃቸውን የገቡት ስደተኞች ይህን ይነግሩናል። ስለዚህ ያ የከተማ አዋቂ ልጁን ሲመክረው ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነበር። አስራ ሁለት ቃል ከአንገት አይበጠስም። ያጠፋው ቃሉን እንዴት እንደሚጠብቅ ሳያስተምር መልቀቁ ነው።

እና የማንን አባብል እንስማ? ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው እኔ አሁንም ወርቅ እላለሁ። ለሚሻገር ግን ሁለቱም ወጥመድ ናቸው፤ ወጥመዱን ያጠመደው ደግሞ ቀጥተኛውን መንገድ የዘጋው ነው። ለዚህ ምስክሬ የመንግሥት የራሱ ቁጥር ነው። በ2016 በጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከው ወርቅ 4 ቶን ገደማ ነበር። በ2017 ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ከ30 ቶን አልፎ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ጥቂቱ አዲስ ምርት ይሁን እንበል። ቀሪው ግን መሬቷ በአንድ ዓመት አልወለደችውም! ከዚያ በፊት ያ ሁሉ ወርቅ በጎረቤት አገር በኩል ዱባይ ይገባ ነበር፣ ዋጋው ሲስተካከል ተመልሶ በበር መጣ። ዓመት ሙሉ በኬላ፣ በግብረ ኃይል፣ በዛቻ ያልቆመው ኮንትሮባንድ ለባለ ወርቁ ተገቢው ዋጋ ሲከፈለው ቀነሰ።

ይህን ያየ መንግሥት ለወርቅ አቅራቢ ነጋዴ ያደረገውን ለአንዲት ከስደት ተመላሽ ማድረግ ምን ይከብደዋል? ወርቋን ሉማሜ ባለ ባንክ አስመዝና፣ በግራም አስመዝግባ፣ ስትፈልግ በዕለቱ ዋጋ የምታወጣበት ደብተር ቢኖራት ዳቦ ውስጥ ትጋግረው ነበር? በዲጂታል ገንዘብ የተዘረፈ ሰው መጀመሪያ ተበዳይ ተብሎ ቃሉ የሚመዘገብበት መመሪያ ቢኖር ሌባው እንዲህ ይዝናና ነበር? ለ19 የቻይና ኩባንያ ውል የጻፈ እጅ ለዚህ አንድ ገጽ መጻፍ አያቅተውም።

አክስቴ አሁንም ትደውላለች። "ባንኩን አገኘኸው?" ትለኛለች። እቴቴ፣ ባንክ አይደለም ብዬ ሁለት ጊዜ አስረድቻታለሁ፣ "ታዲያ ብሬን የወሰደው ማነው?" ስትል እዚያ ላይ ዝም እላለሁ። ልጁ ኡጋንዳ አልሄደም። እህቱ እንደገና ፓስፖርት ለማውጣት ወረፋ ይዛለች። ከብሔራዊ ባንክም ሆነ ከኢንሳ መልስ አለኝ የሚል ካለ የጋዜጣው ገጽ ክፍት ነው፤ መልሱን ሉማሜ ድረስ በቃል ላደርሰው ቃል እገባለሁ።