ጥርስዎን ካስዋቡ በኋላ

ከወንጂ እስከ ሐዋሳ ባለው ስምጥ ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ ያደገ ሰው ጥርሱ ቢበልዝ ንጽሕና ጎድሎት ላይሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ነው። አንዳንዱ ጥርሱን ያስነጣል፤ ሌላው ቪኒር ያስለጥፋል።

እርስዎም ሶዶ አሠርተው በሌ ለዘመድ ጥየቃ ከወረዱ ፈተናው ቡና ነው። ካስነጡ በኋላ ለ48 ሰዓት ቡና፣ ሻይና ቀይ ወጥ ይቅርብዎ። «አንድ ስኒ ምን ያደርጋል?» መባልዎ አይቀርም፤ ወተት ይጠይቁ።

የፖርሲሊን ቪኒርን ቡና እምብዛም አይጎዳውም። የሚጎዳው ከድድ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ እዚያ ያለው ጥርስ የራስዎ ነውና ይቦረቦራል። በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ይቦርሹ። ፍሎራይድ ሲባል አይደንግጡ፤ ያደገን ጥርስ ያጠነክራል እንጂ አያበልዝም። መፋቂያ ከለመዱ ጫፉን አኝከው ያለስልሱት። የከሰል ዱቄት ግን ይፍቃል፤ ይተዉት። ቆርኪ በጥርስ መክፈት ቀርቷል፤ ቆሎም በመንጋጋ ይሁን።

ልጆችዎስ? ፍሎራይድ የሚያበልዘው ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። የቤትዎ ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ የምርመራ ውጤቱን ከውኃ አገልግሎቱ ይጠይቁ።