ረጅም ጽሕፈት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ መሣሪያውን ይመርምር

ጎተራውን ሳያበጅ መከር የደረሰበት ገበሬ እንደሚቸገር፥ ከየወረዳው የመጣውን ምዕራፍ አጋጥሞ የ200 ገጽ ሪፖርት የሚያጽፍ ሹምም የኮምፒዩተሩን የጽሕፈት ፕሮግራም ሳይመረምር ቢጀምር በፍጻሜው ይቸገራል።

የምርመራው ዋና ነገር ስታይል ነው። ስታይል ማለት የርእስንና የአንቀጽን መልክ፥ የፊደሉንም መጠን በስም ወስኖ የሚያኖር ደንብ ነው። ደንቡ አንድ ጊዜ ቢለወጥ በስሙ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ የአርእስቱም ማውጫ ከዚሁ ይወጣል። እያንዳንዱን ርእስ በእጁ የሚያደምቅ ጸሐፊ ግን መልኩን ለመለወጥ መቶውን መንካት ግድ ይሆንበታል፤ የሚረሳውም አይታጣም።

ማይክሮሶፍት ወርድ በብዙ ቢሮ ስለሚገኝ ከሌሎች ጋራ ለመሥራት ይመቻል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሊብሬኦፊስ ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፥ ለአንቀጽና ለፊደል ብቻ ሳይሆን ለገጽም ስታይል አለው። ጽሑፉን የሚያኖርበት ኦዲኤፍ የተባለው የፋይል ዓይነትም በ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ስለ ጸደቀ፥ ሰነዱ በአንድ ድርጅት ፈቃድ ታስሮ አይቀርም።

ስለዚህ ብዙ ምዕራፍ ላለው ሥራ ሊብሬኦፊስ ይመረጣል። ነገር ግን አንዱን ፋይል በሁለቱ ፕሮግራሞች እያፈራረቁ መጻፍ ስታይሉን ሊያዛባ ይችላልና፥ አንዱን መርጦ እስከ ፍጻሜው መጽናት ይገባል። አስቀድሞም 10 ገጽ በአማርኛ አጽፎ፥ የርእሱን ስታይል ለውጦ፥ ማውጫውን አውጥቶ መፈተን ያስፈልጋል። በ10 ገጽ የታየ ጉድለት በቀላሉ ይታረማል፤ በ200 ገጽ የተገኘ ግን ሪፖርቱን ከቀጠሮው ያሳልፋል።