ቀለህ አልወጣም ሲል ብየዳ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት

ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር ልጅ፣ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ የተሰጠኝ ኤስኬኤስ አንድ ሁለቴ ተኩሶ ቀለሁን አልተፋም ይላል። እዚሁ ሻንቶ ብየዳ ቤት ወስጄ መንጠቆውን ላስሞርደው ወይ?»

የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለ ጠመንጃ ምን አገባው የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ወታደር ከነበሩ አጎቴ የሰማሁት አለ፤ ደግሞም ነገሩ ግማሹ ኬሚስትሪ ነው። መልሴ አጭር ነበር፦ አታስሞርደው፣ እጠበው። በውሃ።

ኤስኬኤስ (ሲሞኖቭ የሚሉትም አሉ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፈው ነው) ቃታው አንዴ ሲሳብ አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከባሩዱ ጋዝ ነው። ጥቂት ጋዝ ከላይ ወዳለው ትንሽ ቱቦ ይገባና ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይሰደዋል። መዝጊያው ላይ ያለች መንጠቆ የቀለሁን ጠርዝ ይዛ ትጎትታለች። ቀለሁ ወደ ኋላ ሲመጣ ደግሞ ከጠመንጃው አካል ጋር የተያያዘች ምላስ መሳይ ብረት ትገጨውና ወደ ውጭ ይፈናጠራል። ስለዚህ መጎተትና መጣል ሁለት ሥራ ነው፣ ሕመማቸውም ሁለት ነው። እኛ ግን ሁለቱንም «ነከሰ» ብለን መዶሻ እናነሳለን።

ቀለሁን አንሥታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ዶክተር ምላስ አሳየኝ እንደሚለው ማለት ነው። ጠርዙ ተቦጭቆ ከሆነ መንጠቆው ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ ቀለሁ ከውስጥ ተጣብቆ አልላቀቅ ማለቱ ነው፣ ማለትም ጥይቱ የሚያድርበት ቦታ ቆሽሿል ወይም ዝጓል። ጠርዙ ምንም ሳይሆን ቀለሁ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ መንጠቆው አዳልጦታል፤ ሥሩ ጭቃና የደረቀ ዘይት ሞልቶበት ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ይሆናል። ቀለሁ ወጥቶ በመዝጊያው መሃል ተሰንቅሮ ከቀረ ግን ብዙውን ጊዜ መዝጊያው በቂ ጉልበት አላገኘም፣ ፒስተኑና የጋዝ ቱቦው ጥላሸት ጠግበዋል። እንግዲህ ከሦስቱ በየትኛው ነው ሞረድ የሚያስፈልገው? የተሞረደ መንጠቆ ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። በየቀበሌው የምናየው አሮጌ የ7.62 በ39 ጥይት ብዙው፣ ከቀለሁ ቂጥ ባለችው ትንሽ ቆብ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲቃጠል የሚተርፈው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከወጥ ቤቱ ጨው ጋር የአክስት ልጅ በሉት። ክረምት ላይ ጨው ዕቃው ውስጥ ሲረጥብ አይታችሁ የለ? ያው ነው። በቱቦውና በፒስተኑ ላይ ተቀምጦ ከአየሩ እርጥበት ይጠራል፣ ብረቱን ያዝገዋል። እንደኛ ባለ ዝናባማ ደጋ ደግሞ ቀናት ይበቁታል።

ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ዘይት ያፈስበታል። ዘይት ጨው አያሟሟም! የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው። በተተኮሰበት ቀን በሙቅ ውሃ (ሳሙና ቢኖረው ጥሩ) ቧንቧውን፣ የጋዝ ቱቦውንና ፒስተኑን ማጠብ፣ በጨርቅ አድርቆ ከዚያ ስስ ዘይት መቀባት። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካኑ ኤም ዋን ጋራንድም ጨው የሚተው ጥይት ነበረበት፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጦር ዘንድ በሳሙና ውሃ ማጠብ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ዘይት ማብዛቱም ጉዳት አለው። ኮሪያ ላይ በብርዱ ይረጋ ነበር፤ እኛ ጋ ደግሞ የበጋውን ቀይ አቧራ ይዞ ሊጥ ይሆናል።

እስከዚህ ያወራሁት ስለ ብረቱ ነው። የምፈራው ግን ስለ ሰው ነው።

የተሰነቀረውን ነገር ሰዎች በአፈሙዝ በኩል ብረት ከተው፣ ፊት ለፊት ቆመው ሲደበድቡት ይታያል። ውስጥ ያለው ባዶ ቀለህ ነው ወይስ ያልተተኮሰ ጥይት? ካላወቃችሁ እጃችሁን አንሡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ለሚያውቅ ስጡ። ቃታ ተስቦ ዝም ካለም «ከሸፈ» ብላችሁ ወዲያው አትክፈቱት፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ፣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። ሌላም አለ፦ በብዙ ኤስኬኤስ ውስጥ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ የሚመልሰው ስፕሪንግ የለውም። መዝጊያው ውስጥ ቅባት ደርቆ መርፌው ወደ ፊት ተጣብቆ ከቀረ፣ ቃታ ሳይነካ ገና ሲያቀባብሉት ሊተኩስ ይችላል። «ጋኔን አለበት» የሚባለው ጠመንጃ ሚስጥሩ ይሄ ሊሆን ይችላል። ካዝናውንና ማደሪያውን በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑን ሳታዩ ምንም አትንኩ።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ፦ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለ ፈቃድ ደንግጓል፣ ጥሩ ነው፤ ያለፈቃድ የያዘ ሰው ይህን ጽሑፍ ለራሱ እንዳይወስደው። ፈቃድ ላለው ሚሊሻና ጥበቃ ግን መሣሪያ የሚያስረክበው አካል ግማሽ ቀን የጽዳት ትምህርት አብሮ ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል? የሚፈለገው ባልዲ፣ ቁራጭ ጨርቅና አንድ የሚያውቅ ሰው ነው። ጡረታ የወጡ ወታደሮች በየቀበሌው አሉ፤ ጋሼ ብለን ሰላም ከማለት አልፈን አንድ ቀን አስተምሩን ብንላቸው ደስ ይላቸዋል። አልሞ መተኮስን ብቻ አስተምሮ ማጠብን መተው መኪና አስነድቶ ፍሬን አለማሳየት ነው የሚመስለኝ።

ልጁ አጥቦ መልሶልኛል፣ የጋዝ ቱቦው ውስጥ ያገኘውን ጥቁር ነገር ፎቶ አንሥቶ። ስፕሪንጉን ደግሞ ለኃላፊው ያሳያል። ኮሜንት ላይ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ፣ ግን እባካችሁ መሣሪያ ይዛችሁ የተነሣችሁትን ፎቶ እዚህ አትለጥፉብኝ።